እጁን ያወጣ ሁሉ ደግፏልን?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ስሆን የምኖረው ሐዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ በሚገኝ ሰፈር ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ የእድሩ ዳኛ የራሳችን አዳራሽ እንዲኖረን፣ ለዚህም ወርኃዊው መዋጮ ከ100 ብር ወደ 300 ብር ከፍ እንዲል ሐሳብ አቀረቡ። ‹የሚቃወም አለ?› ሲሉ የተነፈሰ የለም፤ ‹የሚደግፍ እጁን ያውጣ› ሲሉ ግን ሁሉም አወጣ። እኔም አወጣሁ። በቃለ ጉባኤውም ላይ ‹በሙሉ ድምፅ ጸድቋል› ብዬ ጻፍኩ። ወደየቤታችን ስንመለስ ከጎኔ የሄደው ሁሉ ‹ይህን ከየት አምጥተን ነው የምንከፍለው?› እያለ ያጉረመርም ነበር። ከአባሎቻችን መካከል አሞራ ገደል ዓሣ እየሸጡ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች፣ የቀን ሠራተኞችና ጡረተኞች ይገኛሉ። ዳኛው አባቴ ሲያርፍ ቀብሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመሩልኝ፣ እስከ ዛሬም ‹ልጄ› ብለው የሚጠሩኝ አዛውንት ናቸው። ዓምና ለአዳራሹ ጥናት በሚል ሁላችንም 50፣ 50 ብር አዋጥተን ነበር፤ በሚቀጥለው ጉባኤ ደግሞ የመተዳደሪያ ደንቡ ማሻሻያ ለመጨረሻ ጊዜ ይጸድቃል። እኔ ፈሪ ነኝን? ያ ሁሉ ሰው ያልፈለገውን ነገር እንዴት ደገፈ? ከሽማግሌው ጋር ሳልቀያየም ምን ላድርግ? አንዳንዴ ጸሐፊነቱን ለቅቄ ብገላገል ይሻላል እላለሁ።»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ብጀምር ይሻላል፤ ፈሪ መሆን አለመሆንዎን ለመመዘን በዚያ ጉባኤ ላይ በእርግጥ የሆነው ምን እንደ ነበር አስቀድሞ መታወቅ ይኖርበታልና። ሰው በውስጡ የያዘው አመለካከትና በሰው ፊት የሚያሳየው ድርጊት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለረጅም ዘመን ሲያጠኑ ኖረዋል፤ ከእነዚህም ጥናቶች አንዱ ስለ እርስዎ እድር የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ከጉዳይዎ ጋር የሚገጥም ስለሆነ ጥቂት ሰፋ አድርጌ ላስረዳዎት።

ሰሎሞን አሽ ዋርሶ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፔንሲልቬንያ በሚገኘው ስዋርትሞር ኮሌጅ የሥነ ልቦና መምህር ነበር። ጥቂት ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ይሰበስብና አንድ መስመር የተሰመረበት ካርድ ያሳያቸዋል፤ ቀጥሎም ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት መስመሮች ያሉበትን ሌላ ካርድ አቅርቦ፣ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የትኛው እንደሆነ እያንዳንዳቸው በየተራ ጮክ ብለው እንዲናገሩ ይጠይቃቸዋል። ልዩነቱ በግልጽ የሚታይ ስለነበር ሰው ብቻውን ሆኖ ሲጠየቅ ፈጽሞ አይሳሳትም ማለት ይቻላል። ይሁንና በክፍሉ ውስጥ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቀሩት ሁሉ ከአሽ ጋር አስቀድመው የተስማሙ ሲሆኑ፣ ከ18ቱ ዙሮች በ12ቱ ሁሉም አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ እንዲሰጡ ተነግሯቸዋል። ተራው ወደ መጨረሻ የሚደርሰው ተፈታኝ ዓይኑ ያየው ሌላ፣ ጆሮው የሰማው ሌላ ይሆንበታል። በእነዚያ 12 ዙሮች ከተሰጡት መልሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከብዙኃኑ ጋር አብረው የተሳሳቱ ሆነው ተገኙ፤ ከአራት ተፈታኞችም ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው የሌሎቹን ቃል ደግመዋል። ልብ ብለው ያስተውሉ፤ እነዚህ ተማሪዎች በክፍሉ ላሉት ሰዎች ምንም ውለታ የለባቸውም፤ አባታቸውን የቀበረላቸው ሰው በመካከላቸው አልነበረም፤ ነገ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር ጎን ለጎን የሚቀመጡም አይደሉም። እንግዳ ለእንግዳ ሆነው፣ ያውም ስለ መስመር ርዝመት፣ ይህን ያህል ከተሸነፉ ከልጅነት እስከ ሽምግልና በሚተዋወቅ እድር ውስጥ ስለ ገንዘብ ሲጠየቁ እጅ ማውጣት ምን ያስደንቃል?

አሽ ከፈተናው በኋላ ተማሪዎቹን ሲያነጋግር ከተሸነፉት አንዳንዶቹ «ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻዬን ትክክል ልሆን አልችልም» ብለው የገዛ ዓይናቸውን እንደ ተጠራጠሩ ነገሩት፤ ሌሎቹ ደግሞ መልሱ ስሕተት መሆኑን እያወቁ ከሌላው ተለይተው መታየቱን እንዳልወደዱት ተናገሩ። ሞርተን ዶይችና ሃሮልድ ጄራርድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጥናት እነዚህን ሁለት ኃይሎች ለየብቻቸው አስቀመጧቸው፦ አንደኛው ሌሎች ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ ከሚል እምነት የሚመጣ፣ ሁለተኛው ሌሎች እንዳይነቅፉኝ ወይም እንዳያገልሉኝ ከሚል ስጋት የሚመጣ ነው። በእናንተ ጉባኤ ሁለቱም ሳይኖሩ አይቀሩም። አንዳንዱ አባል ስለ አዳራሽ ግንባታ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ «ኮሚቴው አጥንቶታል» ብሎ በእውነት አምኖ እጁን አውጥቶ ይሆናል። የብዙኃኑ እጅ ግን በሁለተኛው ምክንያት፣ እኛ ይሉኝታ በምንለው ምክንያት እንደ ተነሣ ከደብዳቤዎ መረዳት ይቻላል። የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ ልዩነታቸውን ይያዙት፤ የመጀመሪያው በማስረዳት የሚፈታ ሲሆን ሁለተኛው ግን በማስረዳት ብቻ አይፈታም፤ ሰውየው አስቀድሞ ያወቀውን ቢያስረዱት ምን ይጨምርለታል?

ድምፅ የተሰጠበት ሥርዓት ራሱ የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። «የሚቃወም አለ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ በጉባኤው ሁሉ ፊት እንዲቆም የሚጠይቅ ነው። ማንም ሳይነሣ ሲቀር ዝምታው ራሱ እንደ ስምምነት ተቆጠረ፤ «የሚደግፍ» በተባለ ጊዜ እያንዳንዱ ዙሪያውን አይቶ «እኔ ብቻ ነኝ ለካ የከበደኝ» ብሎ አሰበ። የእርስዎ እጅ መነሣት ለጎረቤትዎ ማስረጃ ሆነበት፤ የጎረቤትዎም ለእርስዎ። ዴቦራ ፕረንቲስና ዴል ሚለር እ.ኤ.አ. በ1993 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል፤ በግቢው የነበረው የአልኮል መጠጥ ልማድ ብዙዎቹን ተማሪዎች በግላቸው የማያስደስታቸው ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዱ ግን ሌላው ተማሪ ከእኔ ይልቅ ተመችቶታል ብሎ ያምን ነበር። ሁሉም ስለ ራሱ እውነቱን ያውቃል፤ ስለ ሌላው ግን ሁሉም በአንድነት ይሳሳታል።

«ይህ የፈረንጅ ጥናት ነው፤ የእኛ ሰው ሌላ ነው» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሮድ ቦንድና ፒተር ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1996 በ17 አገሮች የተካሄዱ 133 የአሽ ዓይነት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ማኅበራዊ ትስስር ከግለሰብ ምርጫ በላይ በሚከበርባቸው አገሮች ከብዙኃኑ ጋር የመስማማቱ ዝንባሌ የበለጠ ጠንካራ ሆኖ አግኝተውታል። ስለዚህ ልዩነት ካለ እኛን ይበልጥ የሚመለከተን እንጂ የሚያስመልጠን አይደለም። ይህን ስል ግን ይሉኝታን እንደ በሽታ እንዲያዩት አልፈልግም፤ እድሩን እስከ ዛሬ ያቆመው፣ በእኩለ ሌሊት ድንኳን እንዲተከል፣ ሬሳ እንዳይወድቅ፣ ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳያድር ያደረገው ያው ይሉኝታ ነውና።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዲጠነቀቁ እፈልጋለሁ። ጉባኤው አታልሎዎት ከሆነ የመንገዱ ማጉረምረም ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሊያታልልዎት ይችላል። ከጎንዎ የሄዱት ሰዎች ያንን ቃል የተናገሩት ከእርስዎ በፊት ነው ወይስ እርስዎ «እንዴት ያለ ነገር ነው?» ካሉ በኋላ? በጉባኤው ላይ ከዳኛው ጋር ለመስማማት እጁን ያወጣ ሰው በመንገድ ላይ ከእርስዎ ጋር ለመስማማት ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል። ጥቂት ጎረቤቶችዎ ከልባቸው እንደ ከፉ አልጠራጠርም፤ «ሁሉም ይቃወማል» ብሎ መደምደም ግን «ሁሉም ይደግፋል» ብሎ ከመደምደም የተሻለ ማስረጃ የለውም። የምር አዳራሹን የሚፈልግ፣ ልጁን ለመዳርና እዝን ለማስቀመጥ ድንኳን መከራየት የሰለቸው አባል መኖሩም አይቀርም።

ስለ ዓምናው 50 ብርም አንድ ቃል ልበል። ጆናታን ፍሪድማንና ስኮት ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ የቤት ባለቤቶችን ግቢያቸው ውስጥ «በጥንቃቄ ያሽከርክሩ» የሚል ትልቅና አስቀያሚ ማስታወቂያ እንዲተክሉ ሲጠይቋቸው፣ በድንገት ከተጠየቁት እሺ ያሉት ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ፤ ቀደም ብሎ ስለዚያው ጉዳይ ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ተጠይቀው ከተስማሙት ዘንድ ግን ቁጥሩ ወደ 76 ከፍ ብሏል። ትንሹን እሺ ያለ ሰው ራሱን የጉዳዩ ደጋፊ አድርጎ ማየት ስለሚጀምር ትልቁን እምቢ ለማለት ይቸገራል። ዳኛው ይህን በተንኮል አስበው አደረጉት ማለቴ አይደለም፤ አንድ ሥራ ሲጀመር ለጥናት ጥቂት ማዋጣት የተለመደ ነው። ነገር ግን «ለጥናቱ ከፍለን ሳለ አሁን እንዴት እንመለሳለን» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት፣ ለጥናት መክፈል የጥናቱን ውጤት ለማየት እንጂ ሳያዩ ለመቀበል እንዳልሆነ በትሕትና ሊያስታውሱት ይችላሉ። እንዲያውም ጥናቱ የት አለ? በደብዳቤዎ ውስጥ ለጉባኤው ስለ መነበቡ አንድም ቃል አላገኘሁም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልመለስ። ፈሪ አይደሉም። በዚያ ጉባኤ ከተቀመጡት የበለጠም ያነሰም አላደረጉም፤ ለሚያከብሩትና ውለታው ላለብዎት ሰው በሕዝብ ፊት «አይሆንም» ማለት ከበደዎት፤ ይህ ነውር አይደለም። ይሁን እንጂ እርስዎ ከሌላው አባል የሚለዩበት አንድ ነገር አለ፤ ብዕሩ በእርስዎ እጅ ነው። ሌላው እጁን አውርዶ ሲሄድ እርስዎ «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን በወረቀት ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ኮሚቴ ሁሉ የሚያነበው ያንን ነው። እጅ በማውጣት ረገድ በታየው መሠረት ትክክል ጽፈዋል፤ ችግሩ እጆቹ ሳይቆጠሩ መጻፉ ነው።

ጉዳዩን ቶሎ እንዲይዙት የምገፋፋዎትም ለዚሁ ነው። ሊዮን ፌስቲንገርና ሜሪል ካርልስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት ተማሪዎችን እጅግ አሰልቺ ሥራ ካሠሩ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲናገሩ ጠየቋቸው፤ ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር፣ ለሌሎቹ 20 ዶላር ከፈሏቸው። በኋላ እውነተኛ ስሜታቸው ሲጠየቅ ሥራውን ይበልጥ እንደ ወደዱት የተናገሩት 20 ዶላር ያገኙት ሳይሆኑ 1 ዶላር የተከፈላቸው ነበሩ። ሃያው ዶላር «ለገንዘቡ ነው የዋሸሁት» ለማለት ይበቃል፤ አንዱ ዶላር ግን በቂ ምክንያት ስለማይሆን አእምሯቸው ቃላቸውንና ስሜታቸውን ለማስታረቅ ስሜታቸውን ለወጠ። እርስዎም ያለ ምንም ክፍያ፣ ማንም ሳያስገድድዎት ነው የጻፉት። ጥቂት ወራት ቢያልፉ «ለነገሩ አዳራሹ ጥሩ ነው፤ 300 ብር ዛሬ ምን ይገዛል» የሚል ሐሳብ በውስጥዎ ቢያቆጠቁጥ አይደነቁ፤ በእርግጥ በነገሩ አስበውበት አምነው ከሆነ መልካም ነው፤ እጅዎ ስለ ተነሣ ልብዎ ተከትሎት ከሆነ ግን ይለዩት።

ምን ላድርግ ላሉት፣ ከአሽ ጥናት ለእርስዎ ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ብዙ ጊዜ የማይወራለት ነው። አሽ ከእሱ ጋር አስቀድመው ከተስማሙት ሰዎች አንዱን ትክክለኛውን መልስ እንዲናገር ባደረገው ጊዜ፣ የተፈታኙ መሸነፍ ቀድሞ ከነበረው ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። አንድ ሰው ብቻ! ብዙኃኑ ብዙኃን እንደሆነ ነው፤ የተለወጠው ተፈታኙ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ፤ ያ አጋር በፈተናው መካከል ወደ ብዙኃኑ ጎራ ሲሻገር ተፈታኙ እንደገና ወደ መሸነፉ ተመለሰ፤ አጋሩ ቀጠሮ አለኝ ብሎ ክፍሉን ለቆ ሲወጣ ግን ያገኘው ድፍረት በአብዛኛው አብሮት ቆየ። ስለዚህ ከጉባኤው በፊት የሚፈልጉት አጀብ ሳይሆን ቃሉን የማያጥፍ አንድ ሰው፣ ቢበዛ ሁለት ነው። በመንገድ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የጮኸውን አይምረጡ፤ በቁጣ የሚናገር ብዙ ጊዜ በፍጥነት ይበርዳል። ዝግ ያለ፣ በሰፈሩ የሚከበር፣ ገንዘቡን ለመክፈል የማይቸገር ሰው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ «ስለሌለው ነው» የሚል ሐሜት አይነካውምና።

አጋር ሲፈልጉ የአጠያየቅ ጥበብ ያስፈልግዎታል። «መዋጮው አልበዛም?» ብለው አይጠይቁ፤ «ስለ አዳራሹ ነገር አንተ ምን ታስባለህ?» ወይም ለትልቅ ሰው «እርስዎ እንዴት አዩት?» ብለው ዝም ይበሉ። የራስዎን አቋም የሚናገሩት ከሰሙ በኋላ ይሁን። ይደግፋሉ ብለው የሚያስቧቸውንም ይጠይቁ፤ አሞራ ገደል የሚውሉትን እናቶች በተለይ ይጠይቋቸው፤ በጉባኤ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ድምፃቸው የማይሰማ እነሱ ናቸውና። ይህን ሲያደርጉ ፊርማ አያሰባስቡ፤ ፊርማ በእድር ውስጥ የጠብ ሽታ አለው።

ቀጥሎ ወደ ዳኛው ቤት ይሂዱ። ይህን ከጉባኤው በፊት፣ ብቻዎን፣ ቢቻል በእሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ያድርጉት። አዛውንቱ በጉባኤ ፊት በድንገት ቢነገራቸው ክብራቸውን ለማስጠበቅ ሲሉ የማያምኑበትን እንኳ ሊሟገቱለት ይችላሉ፤ በቤታቸው ግን ሐሳባቸውን ቢለውጡ የሚያያቸው የለም። ደግሞም እርሳቸው ከፊት ተቀምጠው ያዩት ምን ነበር? የተነሡ እጆችን ብቻ። ከጉባኤው ሁሉ ይልቅ የተታለሉት እርሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ እንደ ከሳሽ ሳይሆን ያላዩትን እንደሚያሳያቸው ልጅ ይቅረቡ፤ በእጅዎም ማንም የሌለው ነገር አለ፤ መዝገቡ። በ100 ብር ሳለ እንኳ ስንት አባል ወርኃዊውን ሳይከፍል እንደ ቆየ፣ ስንቱ በቅጣት ላይ ቅጣት እንደ ተጠራቀመበት ቆጥረው፣ ስም ሳይጠሩ ይንገሯቸው። «አባቴ፣ እድሩን እንደሚወዱት ስለማውቅ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። በመዝገባችን ይህን ያህል ሰው በመቶው ብር ወደ ኋላ ቀርቷል። ሦስት መቶ ሲሆን እነዚህ ሰዎች ከእድሩ እንዳይወጡ እሰጋለሁ፤ ምን ይመክሩኛል?» ቢሏቸው ከአክብሮት የወጣ አንድም ቃል አይኖርበትም፤ ምክር ከጠየቋቸውም አንድ ነገር ማለታቸው አይቀርም። አጋሮችዎን ግን በዚህ ጊዜ በስም አይጥሯቸው፤ ያመኑዎትን ሰዎች ያጋልጣሉ።

የሚጠይቋቸው ነገር ሁለት ብቻ ይሁን። አንደኛው ጥናቱ በጉባኤው ፊት ተነብቦ ጥያቄ እንዲቀርብበት፣ ዳኛውም የራሳቸውን ሐሳብ ከሁሉ በኋላ እንዲናገሩ ነው። ሁለተኛው ድምፁ በምስጢር እንዲሰጥ ነው። በአሽ ጥናት ተፈታኞቹ መልሳቸውን ጮክ ብለው ከመናገር ይልቅ በወረቀት እንዲጽፉ በተደረገ ጊዜ ከስሕተቱ ጋር የተስማሙት በእጅጉ ቀንሰው ነበር። በእድራችሁ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አባላት ካሉ ወረቀቱ ሌላ ኀፍረት ሊያመጣባቸው ስለሚችል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ቦሎቄ አድሎ፣ ነጩ ለድጋፍ፣ ቀዩ ለተቃውሞ ሆኖ፣ እጅ ብቻ በሚያስገባ ከረጢት ውስጥ የመረጠውን መጣል ይበቃል፤ የቀረውንም ሌላ ከረጢት ውስጥ ይጥለዋል። ቀላል ነው፤ ወጪም የለውም። የምስጢር ድምፅን ለዳኛው ሲያቀርቡ እንደ ተቃውሞ መሣሪያ ሳይሆን ለአዳራሹ እንደ ዋስትና አድርገው ያቅርቡት፤ በይሉኝታ የጸደቀ መዋጮ በሦስተኛው ወር መሰብሰቡ ይቀራል፤ ያኔ የግማሽ አዳራሽ ግድግዳ ይዞ መቅረት ይመጣል።

በጉባኤው ላይ የሚናገሩ ከሆነ አጭር ይሁን፤ ከተቻለም ውይይቱ ሳይረዝም ቀደም ብለው ይናገሩ፤ ብዙ ሰው ከተናገረ በኋላ አቋሙን መመለስ ለእያንዳንዱ እየከበደ ይሄዳልና። ደግሞ የሚሉትን አይለዋውጡ። ሰርዥ ሞስኮቪቺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት ስድስት ስድስት ሰዎች ባሉበት ቡድን ውስጥ ሁለት ሰዎች ሰማያዊውን ቀለም «አረንጓዴ» እንዲሉ አደረጉ። ሁለቱ ሳያወላውሉ በሁሉም ዙር «አረንጓዴ» ሲሉ ከሌሎቹ መልሶች ከመቶ 8 ያህሉ ወደ እነሱ አጋደሉ፤ አንዳንዴ «አረንጓዴ»፣ አንዳንዴ «ሰማያዊ» ሲሉ ግን ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስምንት ከመቶ ትንሽ ነው፤ ያውም በግልጽ ስሕተት ለሆነ ነገር ነው። እርስዎ ግን የሚናገሩት ብዙዎች በልባቸው የያዙትን ነው። «የሚቸገሩ አባሎቻችን እንዳይወጡብን ምን መፍትሔ አለ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ይዘው፣ ወደ ኮሚቴው ሒሳብ ወይም ወደ ሌላ ቂም ሳይሻገሩ፣ በእሱ ላይ ይጽኑ። አማራጭም ይዘው ይሂዱ፤ ጭማሪው በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢሆን፣ ወይም ለአዳራሹ የሚሆነው በፈቃድ በሚከፈት ሌላ መዝገብ ቢሰበሰብና የቀብሩ መዋጮ እንዳለ ቢቆይ። ሁለተኛው ለእኔ የተሻለ ይመስለኛል፤ የእድር ዋና ጉዳይ ቀብር ስለሆነ፣ አዳራሽ መሥራት ያልቻለ ሰው መቀበሪያ የሚያጣበት ምክንያት የለምና።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስልዎት ከሐዋሳ ብዙ ወደማይርቀው ወደ ከምባታ ላመልክትዎት። ቦጋለች ገብሬ ከእኅቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረተችው ኬኤምጂ የተባለው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት ሲነሣ የተጋፈጠው ከእርስዎ እድር እጅግ የከበደ ነገር ነበር፤ አንድ አባት በልቡ ቢጠላው እንኳ «ልጄን ማን ያገባታል?» ብሎ ብቻውን ሊተወው አይችልም ነበር። ድርጅቱ ከስብከት ይልቅ መንደርተኛው ወንዱም ሴቱም ሽማግሌውም በአንድነት ተቀምጦ ደጋግሞ የሚነጋገርበትን የማኅበረሰብ ውይይት መረጠ። በዚያ ውይይት ሰዎች የተማሩት ስለ ጤና ጉዳት ብቻ ሳይሆን ጎረቤታቸው በልቡ የያዘውን ጭምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አንዲት ሙሽራ ያልተገረዘች መሆኗን የሚገልጽ ጽሑፍ ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሙሽራውም እሷን በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዞ በአደባባይ ተጋቡ። «ማንም አያገባትም» የሚለው ነገር ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊነገር አልቻለም።

ድምፁ በምስጢር ተሰጥቶም አዳራሹ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ የእርስዎ ግምት ተሳስቷል ማለት ነውና በደስታ ይቀበሉት፤ በቃለ ጉባኤውም «ይህን ያህል ደግፏል፣ ይህን ያህል ተቃውሟል፣ ይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል» ብለው በቁጥር ይጻፉ። «በሙሉ ድምፅ» የሚለውን ቃል ግን ቆጥረው ካላረጋገጡ በስተቀር ከአሁን በኋላ ከብዕርዎ ባያወጡት እመክራለሁ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ አይፋቅ፤ በሚቀጥለው ጉባኤ መጀመሪያ ላይ ያለፈው ሲነበብ «ድምፁ በቁጥር አልተመዘገበም ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመርበት መጠየቅ ይበቃል።

ጸሐፊነቱን ስለ መልቀቅ፦ ከጉባኤው በፊት አይልቀቁ። መዝገቡን የሚያውቀው፣ በአጀንዳው ላይ ሐሳብ ለማቅረብ የሚችለውና ዳኛው ቤት ሲሄድ ምክንያት የማያጣው እርስዎ ነዎት፤ ከለቀቁ እንደ ማንኛውም አባል ከኋላ ተቀምጠው እጅ ከማውጣት በቀር ሌላ ሥልጣን አይኖርዎትም። ከጉባኤው በኋላ ሥራው ከብዶዎት ከሆነ በደንቡ መሠረት ጊዜ ሰጥተው፣ መዝገቡን ለተተኪው አስረክበው፣ ከአዳራሹ ጉዳይ ጋር ሳያያይዙ መልቀቅ ይችላሉ፤ ዳኛውም በቅያሜ የወጡ እንዳይመስላቸው አስቀድመው ይንገሯቸው።